የአያት ቃል ቤት ወራሽ

የሰው ልጅ ብዙ ታላላቅ ሥራዎችን አከናውኗል። ከሁሉም የሚልቀው ግን፣ በሐይቁ ዳር ባለችው የኪርጊዝ ከተማ የሚገኘው የቋንቋ ተቋም፣ የቱርክ ሕዝቦች ሁሉ አያት ቤትን ምን ብሎ ይጠራ እንደነበር መርምሮ መድረሱ ነው። ቃሉ «ኤብ» ሆነ። አያቱ ሲናገሩት የሰማ ሰው ስለሌለ፣ በግምት ለተደረሰበት ቃል ሁሉ በሚሠራው የሙያው ደንብ መሠረት፣ ሲጻፍ በግንባሩ ኮከብ ተደረገለት። ሳይታይ ሳይሰማ ኮከብ ያገኘ እሱ የመጀመሪያው አይደለም።

ለዚህ ክብር አባ ቶይቹቤክ የተባሉ ባለጸጋ ለተቋሙ አዲስ ቤት ለገሱ። «የአያት ቃል ቤት ነውና፣ በአባቶቻችን ወግ ወራሽ ለሆነው ክፍል ይሰጥ» ሲሉም ወሰኑ።

ፕሮፌሰር ዙልፉጋር ይህን የሰሙት ውኃ በሚያንጠባጥብ ምድር ቤት ተቀምጠው ነው። ከባኩ መጥተው እዚሁ ያረጁት ፕሮፌሰር፣ ቤትን «ኤቭ» የሚሉትን ልሳናት የሚያጠናው ክፍል ኃላፊ ናቸው። ተቀናቃኛቸው ዶክተር ኬሪምኩል ደግሞ «ኡይ» የሚሉትን ያጠናሉ።

በርክክቡ ግብዣ ላይ ፕሮፌሰሩ የሥጋው ጮማ እስኪረጋ ድረስ ተናገሩ።

«አያቱ ‹ኤብ› ብሎ ከንፈሩን ግጥም ሲያደርግ፣ ‹ኤቭ› በትንሹ ገርበብ አደረገ እንጂ ሌላ ጥፋት የለበትም። የበኩር ልጅ ነው! ‹ኡይ› ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የአባቱን ድምፅ መንገድ ላይ የጣለ ዝርክርክ ነው።»

«እውነት ነው» አሉ ኬሪምኩል፣ አጥንት እየጋጡ። «እኛ ገና ትናንት የተወለድን ነን።»

«ይመዝገብልኝ!»

«በደማቁ ይመዝገብላቸው እንጂ።»

«ተሸነፍክ በለኛ፣ አንተ ልጅ?»

«ለታላቅ መሸነፍ ምን ነውር አለው፣ ጋሼ? ይልቅ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ይጠጡ።»

የ«ኤቭ» ታላቅነት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አባ ቶይቹቤክ ተነሥተው፣ ለታላቅ የሚገባውን የተቀቀለ የበግ ጭንቅላት በፕሮፌሰሩ ፊት በክብር አኖሩ። የቤቱን ቁልፍ ግን ለኬሪምኩል ሰጡ።

«ኧረ አባቴ፣ ተሳስተዋል! ቁልፉ የኔ ነው!»

ሽማግሌው ግራ ተጋቡ። «የኔ ልጅ፣ በአባትህ ቤት አሁን ማን ይኖራል?»

«ታናሽ ወንድሜ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ታላቅ ነኝ፤ ድርሻዬን ይዤ ወጣሁ። የመጨረሻው ልጅ አይደል ከአባቱ ቤት የሚቀረ...» ድምፃቸው እዚህ ላይ ቀጠነ።

«ታዲያ ምን ነካህ? ብላ እንጂ፣ ጆሮው ይጣፍጣል።»

ሳይንስ ግን በእንዲህ ያለ ነገር አይበገርም። በማግስቱ ፕሮፌሰር ዙልፉጋር፣ «ኤቭ» ገና ጥርስ ያላበቀለ ጨቅላ መሆኑን በማያሻማ ሁኔታ የሚያረጋግጥ አዲስ ጥናት ጀመሩ።