ቤቲ ማን ተብላ ትታሰብ?

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው መሬት ይመስላል። ሃሌታው ሀ የት እንደሚገባ፣ ሐመሩ ሐ የት እንደሚቀመጥ እስካሁን አልለየልኝም፤ ስምንተኛ ክፍልንም የጨረስኩት እንደምንም ነው። ፊደሌን ማረም የሚፈልግ ያርመው፤ ነገሩን ግን እንዳይነካብኝ። ነገሩ የራሴ ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን «ስለ ታማኝነት ጻፉ» ካሉን ጀምሮ ሳስብ ከረምኩ። ስለ ታማኝነት ስንማር የሚነገረን ስለ አንበሳ ጉድጓድ፣ ስለ እሳት፣ ስለ ሰይፍ ነው። እየሰማሁ እንቀጠቀጣለሁ፤ ያን ቀን ቢመጣብኝ የመጀመሪያዋ ሯጭ እኔ እንደምሆን አውቃለሁና። ከትምህርቱ ወጥቼ ዙሪያዬን ሳይ ግን ልደታ ውስጥ አንበሳም የለ፣ እቶን እሳትም የለ። ያለው ታክሲ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ነው፣ «ቆይ መጣሁ» ብሎ የሚቀር ሰው ነው። ታዲያ እኔን የመሰለ ሰው በምኑ ላይ ይታመን?

እስኪ እናንተው ፍረዱ። «የት ደረስሽ?» ተብላችሁ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆናችሁ «ሜክሲኮ ደርሻለሁ» ብላችሁ የማታውቁ እጃችሁን አውጡ። ለማኝ እጁን ሲዘረጋልን «እግዚአብሔር ይስጥልን» እንላለን፤ ሥራውን በሙሉ ለእግዚአብሔር አስረክበን እኛ እናልፋለን። የተጨነቀ ጓደኛ ሲያጫውተን «በጸሎት አስብሃለሁ» እንላለን፤ ጥግ ሳንዞር እንረሳዋለን። የጥንት ሰዎች «እሺ ይበልጣል ከሺ» ብለው ተርተዋል። የዛሬን እሺ ቢያዩ ሺውን ይመርጡ ነበር።

እኔ ደግሞ እሺ በማለት የሚደርስብኝ የለም። ታማኝ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ዓይን አፋር ስለሆንኩ ነው። እንቢ ለማለት አፍ ያስፈልጋል። ለእሺ አንገት ይበቃል።

እናቴ ልደታ ማርያም አካባቢ፣ መንገድ ዳር ተቀምጣ ጧፍና ሻማ ትሸጣለች። እኔም ስምንተኛን ከጨረስኩ ወዲህ አጠገቧ ነኝ። እሷ ታወራለች፣ እኔ ጧፍ እጠቀልላለሁ። «ስምሽ ማነው?» የሚለኝ ደንበኛ ቢመጣ እንኳ የምትመልስልኝ እሷ ናት። እንግዲህ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ዝም ብዬ ስለምውል ሰዎች የበቃሁ መሰልኳቸው። በእኛ አገር ዝም ያለ ሰው ወይ ጻድቅ ነው ወይ ተንኮለኛ፤ መሃል ቤት የለም። ለተንኮል ገና ልጅ ናት ተብዬ ነው መሰል ጽድቁ ደረሰኝ።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ወደ ሥራ የሚሮጡ ሰዎች ገብተው ለመሳለም ጊዜ ሲያጥራቸው፣ ከመንገድ ላይ ያማትቡና፣ ልብስ ላውንደሪ እንደሚያስቀምጥ ሰው ስማቸውን እኔ ጋ አስቀምጠው ይሄዳሉ። «ወለተ ጊዮርጊስ ብለሽ አስቢኝ፣ የኔ እናት።» «ገብረ ሥላሴ በይኝ እስኪ፣ ዛሬ ፈተና አለብኝ።» መታወቂያው ላይ አበበ የሆነ ሰው በጸሎት ጊዜ በክርስትና ስሙ ነው የሚጠራው። ያለ ክርስትና ስም የተላከ ጸሎት፣ የቤት ቁጥር ያልተጻፈበት ዕቃ ይመስለናል፤ መልአኩ ይዞት ሲንከራተት የሚውል። እኔም አንገቴን እነቀንቃለሁ። ማታ ከእናቴ ጋር ስንጸልይ ያስታወስኩትን ያህል ስም እጠራለሁ። የቀረውን «አደራ ያሉኝንም ሁሉ» ብዬ አንድ ላይ እጠቀልለዋለሁ፤ እንደ ጧፉ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት እትዬ ስንዱ መጡ። እትዬ ስንዱ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ቤት ልብስ ይሰፋሉ፤ የእናቴ የቆዩ ደንበኛ ናቸው። ሲመጡ ሁልጊዜ እኔን ሳይነኩ አያልፉም። «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ምላስሽን ቤት ትተሽው መጣሽ?» ይሉኛል። ያን ቀን ግን ቀልድ አልነበራቸውም። የሚለኩበት ሜትር አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የመጡት፤ መርሳታቸውንም አላወቁም።

እጄን ከነጧፉ ያዙኝ። «ቤቲዬ ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ልትገባ ነው» አሉኝ። «ልቧን።»

ቤቲ ልጃቸው ናት። ከእናቷ ጋር አንዳንዴ አያታለሁ፤ ሌሎቹ ልጆች ሲሯሯጡ እሷ ቁጭ ብላ ትዳኛለች። ትንሽ ከሮጠች ከንፈሯ ይጠቁራል። ሕክምናውን ብዙ ጊዜ ተራ ሲጠብቁለት ኖረዋል፤ አሁን ተራው ሲደርስ ደግሞ ፍርሃቱ አብሮ ደረሰ።

«ሐኪሞቹ ጎበዞች ናቸው ይሉኛል። እኔ ግን...» አሉና ዋጡት። «አንቺ ልጅ፣ ነገ ጠዋት አስቢልኝ። አደራ።»

እሺና አደራ አንድ አይደሉም። እሺ የራሴ ነው፤ ብጥለውም የሚጠይቀኝ የለም። አደራ ግን የሰው ነው። «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» ሲባል የሰማሁት ትዝ አለኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። ታክሲ መጣ፤ እትዬ ስንዱ ሮጠው ተሳፈሩ፤ በሩ ተዘጋ።

የክርስትና ስሟን አልነገሩኝም።

«የክርስትና ስሟስ?» ማለት እኮ ሁለት ቃል ነው። አፌ ውስጥ ነበረች። የወጣችው ታክሲው ከሄደ በኋላ ነው።

«ምን አልሽ?» አለችኝ እናቴ።

«የክርስትና ስሟን አልጠየቅኳቸውም።»

«አንቺ! እዚሁ አፍንጫሽ ሥር ቆመው! ሰው አይበላሽ፣ ስንቴ ልንገርሽ?»

«ስልካቸው የለሽም?»

«እኔ ጧፍ ነው የምሸጥላቸው፣ ስልክ ምን ያደርግልኛል?» አለች፤ ግን እሷም ደንግጣለች።

ያን ዕለት ማታ ስጸልይ ቁልፍ ጠፍቶበት በር ላይ የቆመ ሰው ሆንኩ። ወለተ ማርያም አልኩ። ካልሆነችስ ብዬ ወለተ ሚካኤል አልኩ። አመተ ሥላሴ፣ ወለተ ኪዳን፣ ፍቅርተ ማርያም... የማውቀውን የሴት ስም ሁሉ በተራ ሞከርኩ። ቆይቶ የማላውቃቸው የስንቱ ሰፈር ሴቶች ከእንቅልፋቸው ነቅተው «ማነው የጠራኝ?» የሚሉ መሰለኝ። ለእነሱም ይሁንላቸው። ቤቲ ግን ከመሃላቸው ትኑር አትኑር በምን አውቃለሁ?

ዓርብ በማለዳ እናቴን አስፈቅጄ ጠመንጃ ያዥ ወረድኩ። የእትዬ ስንዱ ቤት ተዘግቷል። ቁልፉ ፊት ቆምኩ፤ በሩ ራሱ እንዲነግረኝ የምጠብቅ እመስል ነበር። አጠገቡ ያለውን የክርና የዚፕ ሱቅ የከፈቱት ጋሽ ሱልጣን ቆብ አድርገው ደጃፉን እየጠረጉ ነው።

«ማንን ፈልገሽ ነው ልጄ?»

«የቤቲን...» አልኩ። «የክርስትና ስሟን።»

ጋሽ ሱልጣን መጥረጊያቸውን አቆሙ። ራሳቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ልጄ» አሉ፣ «ሰፈሩን በሙሉ አልፈሽ፣ የክርስትና ስም ልትጠይቂ እኔ ጋ? ሱልጣን ጋ?»

መሬቱ ቢውጠኝ ምን ነበረበት! ምን ሆኜ እንደመጣሁ ቀስ እያልኩ፣ ግማሹን እየዋጥኩ ነገርኳቸው። ሳቃቸውን ተዉት።

«ስንዱ ከትናንት ጀምሮ ሆስፒታል ናት። ስልኳም ዝግ ነው፤ እኔም ስደውልላት ነው ያደርኩት» አሉ። «እኛም ሱብሒ ሰግደን ዱዓ አድርገንላታል፤ እኔም፣ ባለቤቴም፣ ልጆቹም። ቤቲ ብለን ነው የለመንነው። እስካሁን 'የቷ ቤቲ?' ብሎ የመለሰን የለም።»

ይህን ብለው መጥረጊያቸውን አነሱ። «ሂጂ በይ፣ ሰዓቱ እንዳያልፍብሽ። ለሷ መቆም ነው ያንቺ ድርሻ።»

ሮጥኩ። ጫማዬ ሁለቴ ወልቋል። ቤተክርስቲያኑ ቅጥር ስገባ የጠዋቱ ጸሎት አልቆ፣ ሰዉ አንድ አረጋዊ ቄስ ዙሪያ ተሰልፏል። አባ የታመሙ ሰዎችን ስም እየተቀበሉ ይጠራሉ፣ ሕዝቡ «ይማርልን» ይላል። ይህን ሁልጊዜ ከሩቅ አየዋለሁ እንጂ ተሰልፌ አላውቅም። ምክንያቱም አባ ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ ስም የሚሰጣቸው ሰው መጮህ አለበት። በልቤ ብጸልይ ምን አለበት ብዬ ልመለስ ዳድቶኝ ነበር። እግዚአብሔር የልብን ይሰማል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ያን ጊዜ የገባኝ ሌላም እውነት ነበር፦ እኔ የልብ ጸሎትን የምመርጠው እግዚአብሔር ስለሚሰማው ሳይሆን ሰው ስለማይሰማው ነው። እትዬ ስንዱ አደራ ያሉኝ ደግሞ ለልጃቸው እንጂ ለዓይን አፋርነቴ አይደለም።

ተራዬ ደረሰ።

«ቤቲ» አልኩ። እኔም አልሰማሁት።

አባ ጎንበስ አሉልኝ። «እግዚአብሔር ሰምቶሻል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ጮክ በይ ልጄ።»

«ቶሎ በይ እንጂ፣ ሥራ አለን!» አሉ ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ የሆነውን እኔም በደንብ አላውቀውም። «ቤቲ!» ብዬ ጮህኩ። «የእትዬ ስንዱ ልጅ! ጠመንጃ ያዥ፣ ከክር ሱቁ አጠገብ! አሁን ልቧን ኦፕራሲዮን እያደረጓት ነው! የክርስትና ስሟን አላውቀውም!»

አንድ ሰው ሳቀ። ርግቦቹ ሳይቀሩ ከጣሪያው ተነስተዋል።

አባ አልሳቁም። መስቀሉን ከፍ አደረጉና ስንት ዓመት ያነበቡት መጽሐፍ ላይ እንዳለ ሁሉ ቃል በቃል ደገሙት፦ «ቤቲ፣ የስንዱ ልጅ፣ ጠመንጃ ያዥ፣ ከክር ሱቁ አጠገብ።»

«ይማርልን!» አለ ሕዝቡ። እኚያ «ሥራ አለን» ያሉት ሴትዮ ድምፃቸው ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

አንድ ጊዜ ጮሄ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ግን ምንም ወሬ አልተሰማም። እሑድም የለም። ወሬ እስኪመጣ በየጠዋቱ ተሰለፍኩ። በየቀኑ ስሟን ይዞ መሰለፍ ያን ቀን ከመጮኹ ይልቅ ከበደኝ፤ ጩኸቱ ድንጋጤ ነበረው፣ ሰልፉ ግን ብርድ ብቻ ነው ያለው። ሰኞ ላይ አባ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ከክር ሱቁ አጠገብ» ብለው ጀመሩልኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት እትዬ ስንዱ መጡ። ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት አብጧል፤ ፊታቸው ግን ሌላ ነው። «ነቃች!» አሉ ገና መንገድ ሳይሻገሩ። «ማንጎ ጁስ አምጡ አለች! ከንፈሯን ብታዪው... ቀይ!» ገና ብዙ ክትትል ይቀራታል፣ መሮጡም ይቆያል። ግን ነቅታለች። እናቴ እልል አለች። እኔ ደግሞ፣ ይህቺን ቀን ስጠብቅ ቆይቻለሁና፣ አፌን ከፈትኩ።

«እትዬ ስንዱ፣ የክርስትና ስሟ ማነው?»

ደርቀው ቀሩ። «ወይ ጉዴ! አልነገርኩሽም?» አሉ። ቀጥለውም በሳቅ ፈረሱ። «ወለተ ሐና ናት። እሱ ይቅር፣ ምላስሽን ግን ከየት አገኘሽው?»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እትዬ ስንዱ ግን ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በልብስ ሰፊ ቤት የማይወራ ወሬ የለም። «ያቺ ጧፍ ሻጭ ልጅ ጸሎቷ ይሰማል» ተብሎ ለጠመንጃ ያዥ በሙሉ ተነገረ። በነጋታው ከጧፍ ገዢው ስም አስቀማጩ በለጠ። ጋሽ ሱልጣን ሳይቀሩ ሲያልፉ «ያ ቤት ቁጥር የሚጠራው ጸሎትሽ ለእኔም ጉልበት አንድ ቀን ይሞከር» ብለውኛል። በጥቂቱ የታመነ በብዙ ይሾማል ሲባል እሰማ ነበር። ሹመት ማለት ተጨማሪ ሥራ መሆኑን ግን የነገረኝ ሰው የለም።

አሁን እሺ ከማለቴ በፊት ራሴን እጠይቃለሁ። የማልጠራውን ስም አልቀበልም። «ዛሬ ሞልቶብኛል፤ በሩ ክፍት ነው፣ ገብተው ራስዎ ይንገሩት» እላለሁ፣ ቀስ ብዬ። አንዳንዱ ይቀየመኛል። አንድ ክራባት ያሰሩ ሰውዬ ግን ሰዓታቸውን አይተው፣ እኔን አይተው፣ እንደገና ሰዓታቸውን አይተው፣ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ሥራ የረፈደባቸው ይመስለኛል። እንቢዬ ከእሺዬ ይልቅ አንድ ሰው ቤተክርስቲያን አስገባች ማለት ነው።

ለእናቴም፣ ለእትዬ ስንዱም፣ ለማንም ያልነገርኩትን አንድ ነገር ልናገርና ላብቃ። ያን ዓርብ ዓይኔን ጨፍኜ ስጮህ ሁሉም ሰው አይቶኛል። ያላዩት ነገር አለ። ድምፄ ግንቡን ነክቶ ወደ ጆሮዬ ሲመለስ፣ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል፣ «ይሄ የማን ድምፅ ነው?» ብዬ ዓይኔን ገለጥኩ። የእኔ ነበር። ደስ ይላል።