ሰው ሁሉ ደግ የሆነ ዕለት

ሰው የሚያፍርበት ነገርና ኃጢአቱ ሁልጊዜ አይገጥሙም። ጎረቤቱን በሐሜት የፈጀ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ሲሄድ አይታችኋል። ማንንም ያልጎዳች ሴት ደግሞ በር ቆልፋ፣ መጋረጃ ጋርዳ የምታደርገው ነገር ይኖራታል። አትደንግጡ፤ የምታነበው ነገር ማለቴ ነው።

ያቺ ሴት እኔ ነኝ። የማነበውም አስፈሪ ኮሚክ ነው፤ በሥዕል የሚተረክ፣ ሰው የሚበላበት፣ ሙት የሚነሣበት፣ ከዓመት ዓመት የማያልቅ ተከታታይ። ይኸው ወጣልኝ። ይህን የምትላችሁ ሱሉልታ ኬሚስትሪ የምታስተምር፣ ቀሚሷ ቁርጭምጭሚቷን የሚነካ፣ በስብሰባ «አስተያየት ካለሽ» ስትባል ወለሉን የምታይ ሴት ናት።

እንደ ወባ የጀመረኝ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። አንዲት የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ በፍላሽ ሰጠችኝ፤ እሷ ዳነች፣ እኔ ቀረሁ። ያኔ የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ጠጉሯን ሁለት ቦታ የምትጎነጎን ልጃገረድ ነበረች። አሁን ሽበት አብቅላለች። እኔም አብቅያለሁ፤ የእሷን ግን ሠዓሊው አሳምሮ ነው የሣለላት። በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል እቀመጥና ስልኬን በዓመታዊ ዕቅዱ ፎልደር ከልዬ አነባለሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰው ስለ ቤት ኪራይ ሲያማርር እኔ አንገት ሲቆረጥ አያለሁ። ፊቴ ላይ ግን ዝንብ ያረፈበት ያህል እንኳ ለውጥ የለም።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት የጨው ቁፋሮ ከተማ አለች። ከጉድጓዱ የሚወጣ አንድ ነገር በየጊዜው ሰው ይወስዳል። ተራው የየትኛው ቤት እንደሆነ ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ ለቤቱ ሰው መንገር ግን ክልክል ነው። ስለዚህ ሰዎቹ የሚችሉትን ያደርጋሉ፤ ደግ ይሆናሉ። ወንበር ይለቃሉ፣ ዕቃ ይሸከማሉ፣ ዳቦ ጋጋሪውም «ዛሬስ በነጻ ውሰጂ» ይላል። አዲስ አንባቢ የሚፈራው ከጉድጓዱ የሚወጣውን ነው። እኛ የቆየነው ግን ብርድ ልብሳችንን የምንስበው ዳቦ ጋጋሪው ፈገግ ሲል ነው።

«አገሩ የሚያስፈራ ነገር አንሶሽ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አላነሰኝም። የሬዲዮውንም የጎረቤቱንም ወሬ ሰምቼ ካበቃሁ በኋላ ነው የማነበው። የእውነቱ ፍርሃት ክፋቱ የት ላይ እንደሚዘጋ አለማወቃችሁ ነው። ኮሚኩን ግን ዘግቼ ሽሮዬን እሠራለሁ።

ይህን ሁሉ የማወራው አንድ ሐሙስ ረፋድ ስለሆነው ነገር ነው። ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝና ቢሯቸው ስገባ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አገኘሁ። ዓይናቸው ደም መስሏል። የለሊሴ አጎት ኦቦ ደበላ ናቸው።

ለሊሴ የሒሳብ መምህርት ናት፤ ጠረጴዛዋ ከጠረጴዛዬ ጋር ተጋጥሟል። እኔ የማልስቀውን ሳቅ እሷ ትስቅልኛለች።

«ወንድሟ ገመቹ አርፏል» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ። ቡራዩ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይድ ልጅ ነበር። ማታ ሥራ ላይ ኤሌክትሪክ ይዞት ነው። ቀብሩ በዚያው ቀን በዘጠኝ ሰዓት፣ በተወለዱበት ሰበታ ነው። ለለሊሴ የተነገራት ግን «ዓለም ገና ያለችው አክስትሽ አሟታል» ተብሎ ነው። እኔ አክስቷ ቤት አድርሻት አብሬያት እውላለሁ፤ ቤተሰቡ ቀብሮ ይመለሳል፤ በማግስቱ ማለዳ ጎረቤት ተሰብስቦ ያረዳታል።

«ቀብሩ ላይ ባትገኝ... አይከፋም?» አልኩ፣ ራሴም ባልሰማሁት ድምፅ።

«ልጄ፣ ግፊት አለባት» አሉ ኦቦ ደበላ። «መቃብሩ ላይ ብትወድቅብን በአንድ ቀን ሁለት ሬሳ ልናወጣ ነው? አደራሽን።»

«ግን ለምን እኔ?»

ርዕሰ መምህሩ ያመሰገኑኝ መሰላቸው። «አንቺ ፊትሽ አያወራም። ሌላ ሰው ብልክ ገና ከግቢው ሳይወጣ ያለቅሳል።»

እዩልኝ እንግዲህ፤ ስንት ዓመት በፎልደር ሥር ጭራቅ እያየሁ ያሠለጠንኩት ፊት ሹመት አመጣልኝ።

አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የለሊሴ አባት የሞቱት እሷ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ነበር። ፈተናዋ እንዳይበላሽ ብለው ደብቀዋት፣ አፈሩ ከደረቀ በኋላ ነው የተረዳችው። «የቀበርሽው ሰው ይሞታል» አለችኝ አንድ ጊዜ፤ «ያልቀበርሽው ይጠፋብሻል። እኔ እስካሁን ታክሲ ውስጥ ጀርባቸው አባቴን የሚመስል ሽማግሌ ሳይ ዞሬ ፊታቸውን አያለሁ።» ይህን ያለችው እየሳቀች ነበር።

ከግቢ ስንወጣ ጠመኔ እንኳ ለመስጠት የሚሰስተው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ጁስና ውኃ አምጥቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ዘበኛው ቦርሳዋን ተሸክሞ መኪና አስገባላት። የምታጸዳው ሴትዮ አገላብጣ ሳመቻት።

«ዛሬ ምን ነክቷቸዋል? ልዳር ነው እንዴ?» አለች ለሊሴ።

የኮንትራት መኪናው ሹፌር ነገሩ ተነግሮታል። እኛ ስንገባ ሙዚቃውን ዘጋው።

«ክፈተው እንጂ ወንድሜ፣ ለቅሶ ቤት አስመሰልከው!»

«ተበላሽቷል» አለ፤ አንገቱ ላይ ላብ ይታየኛል።

በአዲሱ ገበያ ወርደን ቀለበት መንገዱን ያዝን። ለሊሴ ስልኳን አውጥታ ደወለች። «የአክስታችንን መታመም ለገመቹ ልንገረው እንጂ» አለች። ዝግ ነው። «ብየዳ ላይ ከሆነ ያጠፋዋል» ብላ ራሷ መለሰች። ትንሽ ቆይታ ደግማ ደወለች። መስኮቱን ከማየት ሌላ መግቢያ አጣሁ።

«ያንቺን ስልክ አምጪ እስቲ» አለችኝ ድንገት። «ያን ከዕቅድሽ ሥር የምታዪውን። ወንድ ነው አይደል?»

«ወንድ አይደለም።»

«ታዲያ አሳዪኛ! ማሎ፣ እባክሽ፣ ዛሬ ልቤ ፈርቷል፤ አጫውቺኝ።»

እምቢ ማለት እችል ነበር። ሌላ ገጽ መክፈትም እችል ነበር። ገጹ በአጋጣሚ ተከፈተ ብዬ ለኦቦ ደበላ ነግሬያቸዋለሁ። ለእናንተ ግን እንደዚያ አልልም።

ገጹ ላይ አንዲት ሴት ገበያ ትገባለች። አንዱ ወንበር ይለቅላታል፣ አንዱ ዘንቢሏን ይቀበላታል፣ ዳቦ ጋጋሪው ሂሳብ አልቀበልም ይላል። ሁሉም ይስቁላታል።

«ኮሚክ! አንቺ!» ለሊሴ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀረብ አድርጋ አየችው። «ምን አድርጋላቸው ነው እንዲህ የሚሆኑላት?»

የከተማዋን ሕግ ነገርኳት።

«ልትሞት ነው?»

«ወይ እሷ፣ ወይ የእሷ ሰው።»

«ማንም አይነግራትም?»

«ማንም።»

ሥዕሉን አየችው። ጭኗ ላይ ያለውን ጁስ አየችው። ቀና ብላ በመስታወቱ ሹፌሩን ስታየው ዓይኑን ሰበረ። አየር ጤና ስንደርስ ስልኬን መለሰችልኝ።

«አክስቴ አይደለችም» አለች።

«አይደለችም።»

«ገመቹ ነው።»

አያወራም የተባለው ፊቴ አወራ።

አልጮኸችም። «ተቀብሯል?» አለችኝ።

«ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሰበታ።»

«ወንድሜ፣ ዓለም ገናን እለፈው።»

«እኅቴ፣ እኔ የታዘዝኩት...»

«እለፈው አልኩህ!»

አለፈው።

ለቀብሩ ደረስን። ኦቦ ደበላ እንደፈሩት ወደቀች፤ ግን ራሷ ተነሣች። ሬሳ ሳጥኑ ሲወርድ ስሙን እየጠራች አፈር አለበሰችው። እናቷ አቅፈዋት አብረው አለቀሱ። ኦቦ ደበላ ከመቃብሩ ማዶ ቆመው አዩኝ፤ ሕዝቡ ሲበተን አጠገቤ መጥተው «አደራ በላሽ» አሉኝ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። እንዴት እንዳወቀች ሲጠይቁኝ የሥዕሉን ነገር አወጣሁ፤ በዚያው ምሥጢሬም ወጣ። አሁን ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ቲቸር ጭራቅ» ይሉኛል። የሚገርመው አልሞትኩም።

ለሊሴ ከአርባው በኋላ ሥራ ገባች። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን፣ መምህራኑ ሁሉ ባሉበት «የእናቴ ቀን ሲመጣ ማንም ሰብሰብ ብሎ እንዳይመጣብኝ» አለች። በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች። «ለእሷ ንገሯት። እሷ ትንገረኝ።»

ክብር መሰለኝ። ጉንጬ እስኪግል ተደሰትኩ፤ ሞኝነቴ።

በእሑዱ ልጠይቃት ቤቷ ሄድኩ። በሩን ከፍታ ስታየኝ ቀለሟ ጠፋ፤ መቃኑን ይዛ ፊቴን ብቻ ታያለች። እናቷ ደህና እንደሆኑ እስክምልላት ድረስ አላስገባችኝም።

ስለዚህ አሁን ቀድሜ እደውላለሁ። «ለሊሴ፣ እናትሽ ደህና ናቸው፤ ለወሬ ነው የምመጣው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ያኔ ትከፍትልኛለች፤ እንስቃለን፣ ሰው እናማለን። አንድ ቀን ሳልደውል እንደምሄድ ሁለታችንም እናውቃለን። እሱን አናወራውም።