ኪያር የታጠቀች ክሩዘር

ቭላዲቮስቶክ ውስጥ ጡረታ የወጣ መርከበኛ የሌለበት ሰፈር የለም። አለ የሚል ካለ ገና ከጎረቤቶቹ ጋር አልተዋወቀም ማለት ነው። የእኛ ድርሻ ክቡር ቫሌሪያን ኩዝሚች ናቸው፤ የበጋ ጎጇቸው ከእኔ አጥር ጋር ይዋሰናል። በሶቪየት ዘመን በአንዲት ሚሳኤል ተሸካሚ ክሩዘር ላይ አገልግለዋል። ከመርከቧ ከወረዱ ቆይተዋል፤ መርከቧ ግን ከአፋቸው አልወረደችም።

ስለ አየሩ ብትጠይቋቸው እንኳ "በክሩዘሯ ላይ ቢሆን ኖሮ" ብለው ይጀምራሉ፤ ሻያችሁ ይቀዘቅዛል። ጥቁር ባሕር ላይ ተሠርታ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዞራ እኛ ዘንድ እንዴት እንደመጣች፣ ቀይ ባሕር ላይ የወለሉ ግለት ጫማ እንዴት እንዳቀለጠ፣ ስንት የአሜሪካ መርከብ ከኋላዋ እንደተከተለ ይተርካሉ። የአሜሪካኖቹ ቁጥር በየዓመቱ ይጨምራል።

ጉዱ ግን ያለው ጓሯቸው ነው። ክሩዘሯ ስምንት የሚሳኤል ቱቦ በቀኝ፣ ስምንት በግራ ነበራት። ኩዝሚችም ኪያራቸውን በዚያው ልክ ከጎጆው ግራና ቀኝ በስምንት ስምንት መደብ ተከሉት። የግራው ጎን ፀሐይ አያገኝም፤ አንድም ቀን አፍርቶ አያውቅም።

"አንተ ሰውዬ፣ ሁሉንም ወደ ፀሐዩ ብታዛውረው ምናለ?" ትላቸዋለች ባለቤታቸው ዚናይዳ።

"ሚዛኗን አዛብቼ ልገልብጣት?"

"ማንን? ጎጆዋን?"

"ዝም በይ ሴትዮ፣ ከአዛዥ ጋር ነው የምታወሪው!"

"በል አዛዥ፣ ድንቹን ላጥ።"

ይልጣሉ።

ባለፈው መኸር ክሩዘሯ ለብረት ልትቆራረጥ እንደሆነ ተሰማ። ኩዝሚች "እኔ ምን አገባኝ" ብለው ድንች መቆፈር ያዙ። ዚናይዳ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ።

"ሮዲዮን፣ እባክህ በመኪናህ ውሰደው። ሳይሰናበታት ከቀረ ይህን ክረምት አይወጣውም።"

ባሕሩ ዳር ስንደርስ በጎታች ጀልባ እየተሳበች ልትወጣ ነበር። ዝጋለች፤ ቱቦዎቿም ባዶ ናቸው። ኩዝሚች ኮፍያቸውን አስተካክለው እጃቸውን ለሰላምታ አነሡ። በእሳቸው ደንብ ሰላምታ የተሰጣት መርከብ መልስ መስጠት አለባት፤ እስክትመልስ እጅ አይወርድም። መርከቧ ላይ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እሳቸውም እጃቸውን አላወረዱም። ይብቃዎት ልላቸው አልደፈርኩም፤ አንጀቴን በሉት። ጃኬቴን አውልቄ እንደ እብድ ወደ ጎታቹ ጀልባ አውለበለብኩ፣ ጮኽኩ፣ ወደ ሽማግሌው ጠቆምኩ። በመጨረሻ ጀልባው ረጅም ጡሩምባ ነፋ።

እጃቸው ወረደ። "ዘገዩ" አሉ።

በመልሱ መንገድ ትንፍሽ አላሉም። ለዓመታት የተመኘሁት ዝምታ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አላስቻለኝም።

"ኩዝሚች፣ ሞተሯ ለመሆኑ ምን ዓይነት ነበር?"

ቀና ብለው አዩኝ። "ሞተር? ተርባይን በል እንጂ፣ አንተ የየብስ አይጥ!"

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ ጎጇችን የሚያስገባውን መታጠፊያ አየሁት፤ አልፌው ነዳሁ።