ላልተወለደው ፕሮሰሰር የተላኩ ሽማግሌዎች

ሁሉም በሚጣደፍበት በዚህ ዘመን አርቆ ማሰብን ሥራዬ ብለው የያዙ አንድ ታላቅ ሰው ሲ.ኤም.ሲ ላይ አሉልን፤ ጎረቤቴ አቶ ዘረሰናይ። ከመምሪያ ኃላፊነት ጡረታ ወጥተዋል፤ መምሪያው ግን ከሳቸው አልወጣም። እራት እንኳ የሚበሉት በአጀንዳ ነው።

ልጃቸው ሀሴት የህንጻ ንድፍ ባለሙያ ነች። የካ ሚካኤል አካባቢ ያለ አንድ ቢሮ ቤቷ ሆና እንድትሠራለት ተስማምቷል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ጠንካራ ኮምፒውተር ካዘጋጀች ነው ታዲያ። አሮጌው ላፕቶፗ አንድ ፎቅ ሲከፈትበት ማቃሰት ይጀምራል። ልጅቱ ሌሎቹን ዕቃዎች አሟልታ ሁሉም የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ብቻ ቀራት። የአምራቹን ድረ ገጽ አይታ፣ የኮምፒውተር አንጎል የሆነውን የዘንድሮውን ፕሮሰሰር እንደሚቀበልና በቅርቡ የሚወጣውንም እንደሚያስተናግድ አረጋግጣ ለከፋዩ፣ ማለትም ለአባቷ አቀረበች።

«ከዚያ በኋላ የሚመጣውንስ?» አሉ አቶ ዘረሰናይ።

«አባዬ፣ እሱ እኮ ገና አልተሠራም!»

«ስለዚህ ያልተመለሰ ጥያቄ አለ ማለት ነው።»

ልጁን የሚድር ሰው ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ዘሩ ያልተጠና ዕቃም ደጄን አይረግጥም አሉና ሽማግሌ ላኩ። ይህ ታሪካዊ ኃላፊነት ለእድራችን ሰብሳቢ ለአቶ ሀብተወልድና ለኔ ደረሰ። ጋቢያችንን ደርበን መገናኛ፣ የኮምፒውተር ዕቃ ነጋዴው ሬድዋን ሱቅ ሄድን። ሬድዋን ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ሀብተወልድ። «የመጣነው ይህን ማዘርቦርድ ብለን ነው። ለመሆኑ ወገኖቹ እነማን ናቸው? ታላቁስ ስንት ፕሮሰሰር አስተናገደ?»

ሬድዋን ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ጋሼ፣ ታላቁ፣ ያለፈው ሞዴል ማለት ነው፣ ሦስት ትውልድ ፕሮሰሰር ተቀብሏል። ይሄኛውም የዘንድሮውንና የሚቀጥለውን ይቀበላል።»

«ከዚያ ወዲያ ያለውንስ?»

«ወላሂ እሱን የሚያውቅ የለም። አምራቾቹ ፕሮሰሰሩ የሚሰካበትን መቀመጫ ሊቀይሩት ይችላሉ፤ ከቀየሩት አይገጥምም።»

«ሊቀይሩት ይችላሉ» ሲል እኔና አቶ ሀብተወልድ ተያየን። እንዲህ ያለ ነውር ያለበት ቤት ገብተን ኖሯል። ሳንቀመጥ ወጣን።

«ዕቃው የወደፊት ዋስትና የሌለው ሆኖ ተገኝቷል» ብለው አቶ ሀብተወልድ ሳሎን ውስጥ ሪፖርት አቀረቡ። አቶ ዘረሰናይ አጨበጨቡ። ሀሴት «ቀኑ እኮ እየደረሰብኝ ነው» አለች፤ ንግግሯ በአስተያየትነት ተያዘላት።

ረጅም ራዕይ ከፍታ ይፈልጋልና ቀጣዩ የምክክር መድረክ እንጦጦ ላይ ተካሄደ። ከራጉኤል ዝቅ ብሎ ካለው ባህር ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ከተማው ወለል ብሎ ታየን፤ የሚመጣው ፕሮሰሰር ግን አልታየንም። ጉንፋን ይዞን ከመውረዳችን በፊት፣ የወደፊቱ ሁሉ ቁርጡ እስኪታወቅ ግዢው እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ወሰንን። ሀሴት ድምፅ አልነበራትም፤ ጉዳዩ በቀጥታ ስለሚመለከታት ገለልተኛ ልትሆን አትችልም።

ወሩ አለቀ። ቢሮው ደወለ፣ «ኮምፒውተሩስ?» አለ፣ እንዳልተገዛ ሲሰማ አመስግኖ ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠ። ልጅቱ በሯን ዘግታ ስታለቅስ ድምፅዋ ግድግዳውን አልፎ ተሰማኝ። አባቷ ግን «ዛሬን ብቻ የሚያይ ቢሮ የትም አይደርስም» ብለው አጽናኗት።

እሁድ ዕለት አቶ ሀብተወልድ ጠሩን። «ልጄ ሥራ ይዛለችና መጥታችሁ መርቁልኝ» አሉ። ሄድን። ልጃቸውም የህንጻ ንድፍ ባለሙያ ነችና ሥራው ሀሴት ያጣችው ሥራ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ጎኑ መስታወት የሆነ አዲስ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ሀሴት ጎንበስ ብላ ውስጡን አየችና ቀና አለች።

«ጋሼ ሀብተወልድ፣ ይሄ እናንተ አይሆንም ያላችሁት ማዘርቦርድ አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ ልጄ» አሉ፣ ትንሽም ሳያፍሩ። «እንደ አባትሽ ላለ አርቆ አሳቢ አይመጥንም አልን እንጂ መጥፎ ነው መቼ አልን? እኛ ቤት ወደፊት የሚባለው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው።»

በዕድሜ ታላቁ አቶ ዘረሰናይ ናቸውና ምርቃቱ ለሳቸው ተሰጠ። ተነሥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ፊታቸው ለቆመችው ለአቶ ሀብተወልድ ልጅ «ወደፊትሽን ያሳምርልሽ! ነገሽን ያብራልሽ!» አሉ። ሁላችንም አሜን አልን።

«አባዬ» አለች ሀሴት፣ «ለኔ ደግሞ እስቲ ዛሬዬን መርቅልኝ።»

አቶ ዘረሰናይ የዘረጉትን እጅ ሳያጥፉ ጥቂት አሰቡ፤ ከዚያም ጥያቄው ጥናት የሚያስፈልገው መሆኑን ገለጹ።