የማራኪ ጥንቸሎች ጾም

እኛ ጎንደሬዎች መጾም እናውቅበታለን፤ ማስጾም ግን አልሆነልንም። ሁዳዴን ያህል ረጅም ጾም ወገባችንን አስረን እንወጣዋለን፤ አጠገባችን የተቀመጠ ሰው ሳይቀምስ እኛ ብንጎርስ ግን እህሉ ጉሮሯችን ላይ ይሰነቀራል። ከማራኪ ወደ ፒያሳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ሴት የቋጠረችውን ቆሎ ከቦርሳዋ አውጥታ ስትፈታ አይታችሁ ከሆነ የምለው ይገባችኋል። ለሾፌሩ እፍኝ፣ ለረዳቱ እፍኝ፣ ለማታውቃቸው የኋላ ወንበር ተማሪዎችም እፍኝ እፍኝ ስታድል ቆይታ ፒያሳ ስትደርስ በእጇ የቀረው ጨርቁ ብቻ ነው። ግን ጠግባ ትወርዳለች።

ታዲያ እንዲህ ባለ አገር፣ ባለመስጠቱ የተመሰገነ ሰው ብታገኙ ምን ትላላችሁ? አግኝታችሁታል፤ እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ሳስተምር ስሜ በአንድም ገጽ ላይ ታትሞ አያውቅም። ጡረታ ወጥቼ ቤት ከዋልኩ በኋላ ግን በአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍ የምስጋና ገጽ ላይ ከነባለቤቴ ወጣሁ። «ጥንቸሎቼን ባለመመገብ ለተባበሩኝ» ይላል። እንዴት እዚህ ክብር ላይ እንደደረስኩ ላጫውታችሁ።

ስመኝ ማራኪ ካለው ቤታችን ከጓሮ በኩል አንዷን ክፍል የተከራየች የቆላ ድባ ልጅ ናት። በወረዳዋ የእንስሳት ባለሙያ ሆና ስትሠራ ቆይታ፣ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ አግኝታ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትማር ነው የመጣችው። ለመመረቂያዋ የመረጠችው ጥናት ስለ ጥንቸል ነው። ሣር ብቻ የሚበላ ጥንቸልና ከሣሩ ሌላ ተጨማሪ መኖ የሚያገኝ ጥንቸል በእድገትም በጤናም ምን ያህል ይለያያሉ? ጥያቄዋ ይኼው ነው። ለማርቢያ የሚሆን ቦታ ብታጣ እኛን ጠየቀችን፤ እኔም ጓሮውን ፈቀድኩላት። ባለቤቴን ሳላማክር መፍቀዴን ልብ በሉልኝ።

ወይዘሮ አትጠገብ፣ ማለትም ባለቤቴ፣ አሥር ጥንቸሎች ከነጎጇቸው ሲገቡ በሩ ላይ ቆማ አማተበች። «አይታረድ፣ አይበላ! ታዲያ ለምኑ ነው የሚደልበው?» አለች። እንደምታውቁት ጥንቸል ታመሰኳለች፣ ሰኮናዋ ግን አልተሰነጠቀም ተብሎ ስለተጻፈ እኛ ቤት ድስት አጠገብ አትደርስም። ስመኝ ግን መልስ አላጣችም። «እትዬ፣ እኛ ባንበላት የሚበላት አገር ሞልቷል። ደግሞ መጽሐፉ አትብሉ አለ እንጂ አትመዝኑ አላለም።» አትጠገብ ሳቋ አመለጣትና ነገሩ በዚያው አለፈ።

አምስቱ በቀኝ፣ አምስቱ በግራ፣ ጎን ለጎን ሆኑ። ለሁሉም ሣር እስኪጠግቡ ይታጨድላቸዋል። ለቀኞቹ ግን ስመኝ ጠዋት ጠዋት የኑግ ፋጉሎ፣ የስንዴ ፉርሽካና ሰስፓኒያ የሚሉት የመኖ ዛፍ ደርቆ የተፈጨ ቅጠል በልክ በልኩ ትቀላቅልና ቆንጠር አድርጋ ጨው ትነሰንስበታለች። ሽታው ለእኔም ይጣፍጠኝ ነበር። ቀኞቹ ሲከሰክሱ ግራዎቹ ሣራቸውን ትተው ወንፊት ሽቦው ላይ አፍንጫቸውን ይለጥፋሉ፤ ያቺ አፍንጫ ደግሞ አንድ አፍታ አታርፍም።

መጀመሪያ ነገሩን ያነሱት አያ ቢያድግልኝ ናቸው። አያ ቢያድግልኝ የአትጠገብ አጎት ሲሆኑ፣ ለዓይን ሕክምና ከጭልጋ መጥተው እኛ ዘንድ አርፈው ነበር። አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል። በደህነኛው ዓይናቸው ሁለቱን ወገን ተራ በተራ ሲያዩ ቆዩና፣

«ምነው እነዚህኞቹ፣ ምን አጥፍተው ነው?» አሉ።

«ምንም አላጠፉም አያ፤ ለማወዳደር ነው» አለች ስመኝ።

«ታዲያ ምነው ከሚበላ ጎን አስቀመጥሻቸው? ሸጋ ነገር አይደለም ልጄ። ሌላው ቢቀር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሪላቸው።»

ስመኝ ስለ ሳይንስ አስረዳቻቸው፤ አያም በትዕግሥት አዳመጧት። አንድም ቃል እንዳላመኑ ግን ከአቀማመጣቸው ያስታውቅ ነበር።

ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛም አለፈ። ስመኝ እያንዳንዷን ጥንቸል በቅርጫት እያደረገች በሚዛን ታነሣለች፣ በደብተሯ ትጽፋለች፣ ፊቷ ይጠቁራል። ሣር ብቻ የሚበሉት ከባለ ፋጉሎዎቹ እኩል እየወፈሩ ነው! አንደኛዋ ነጭ እንዲያውም በልጣለች። ስኳር ብትመዝንበት ሚዛኑ ደህና ነው። አማካሪዋ መምህር ደብተሩን አገላብጠው፣ «ወይ አንቺ ጋ የሆነ ነገር አለ፣ ወይ የማራኪ ሣር ተአምር ይሠራል» አሏት።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ እንኳ ከሣሩ ተአምር እንደማይጠበቅ አውቅ ነበር። የጀመርኩት በካሮት ልጣጭ ነው፤ ልጣጭ ደግሞ ያው ሊጣል የነበረ ነገር ነውና መስጠት አይባልም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በሁለተኛው ሳምንት ልጣጩን ወፈር አድርጌ መላጥ ጀመርኩ። በሦስተኛው ካሮቱ ራሱ ልጣጭ ሆነ። አንድ ጠዋት አትጠገብ ቤተ ክርስቲያን እንደሄደች ካሮቴን ይዤ በቤቱ ጥግ ስታጠፍ፣ አያ ቢያድግልኝ ከካፖርታቸው ኪስ ቆሎ እየዘገኑ በሽቦው ቀዳዳ ሲያስገቡ ደረስኩ። ተያየን። አያ ደህነኛውን ዓይናቸውን ከእጄ ላይ ሳያነሡ፣ «አንተም ሌባ እኔም ሌባ፣ ምን ያጣላናል በሰው ገለባ» አሉኝ። ካሮቱን አብረን ሰጠን።

የዚያ ሳምንት ዓርብ ስመኝ ከመዘነች በኋላ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ፈቃዷ በሰኔ ያልቃል። ጥናቱ እንዲህ ከሆነ ዲግሪ የለም፤ ባዶ እጇን ወደ ወረዳዋ ልትመለስ ነው። «ለአባቴ ምን ልበለው?» ስትል እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አፍሬ መናዘዝ ጀመርኩ፤ ካሮቱን ተናገርኩ። አያ ቆሏቸውን ተናገሩ። አትጠገብ፣ ያቺ ጥንቸል አይታ ያማተበችው ሴት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ «እኔማ ከፉርሽካው ሳጎርሳቸው ነው የከረምኩ። ቀኞቹ ሲበሉ እነዚያ ቆመው ሲያዩ እንዴት ይቻላል?» አለች።

ስመኝ ልትቆጣን አፏን ከፈተች። ቁጣው ግን አልመጣም። «እኔም…» አለች ቀስ ብላ። «ነጯን፤ ከመዘንኳት በኋላ፤ ትንሽ ፋጉሎ። በጣም ስለምታየኝ።»

እግዜር ያሳያችሁ! አራት ሆነን አምስት ጥንቸል ስንቀልብ ኖረናል። ከለቅሶው መሐል ሳቅ ፈነዳ፤ እስከ ጎረቤት ተሰማ።

ስንቆጥረው፣ ጥናቱን እንደገና ከሥሩ ለመጀመር ጊዜዋ ልክ ልኩን ነበር፤ አንዲት ሳምንት እንኳ አይተርፋትም። ያደጉትን ላመጣችበት መልሳ ሌሎች አሥር ግልገሎች አመጣች። ነገር ግን ሰዎቹ ያው እኛው ነን። ቃል እንግባ ብንል ማንም ማንንም አላመነም። በመጨረሻ መላውን ያመጣችው አትጠገብ ናት፦ የነፍስ አባታችን ይገዝቱን!

ቄሱ ጸበል ሊረጩ የመጡ ዕለት ነገሩን ነገርናቸው። ጢማቸውን እያሻሹ ጎጆዎቹን አዩ። ረከሰች በተባለች እንስሳ ግዝት እንዴት ይሆናል ብዬ ሰግቼ ነበር። «የምገዝተው እኮ ጥንቸሏን ሳይሆን እናንተን ነው» አሉ ሳቃቸውን ውጠው። ከዚያም ሁላችንንም፣ ስመኝንም ጭምር፣ አቁመው የመጨረሻዋ ሚዛን እስክትነሣ ከሣር በቀር ለግራዎቹ ቅንጣት እንዳንሰጥ ገዘቱን። «አይዟችሁ» አሉ ሲወጡ፤ «የሚፈታበት ቀን የታወቀ ጾም አይከብድም።»

ከበደን እንጂ። አያ ወንበራቸውን አዙረው ግራዎቹን በተሸፈነው ዓይናቸው በኩል አድርገው መቀመጥ ጀመሩ። አትጠገብ በጓሮ ስታልፍ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ትስባለች። እኔ ካሮት መብላት ተውኩ። ስመኝ በየሳምንቱ ስትመዝን ግን ፊቷ እየፈካ ሄደ፤ ቀኞቹ ይፋፋሉ፣ ፀጉራቸው ያበራል፤ ግራዎቹ ጤነኞች ቢሆኑም ቀጠን ብለው ወደ ኋላ ቀሩ። መኖው በእርግጥ ይሠራል። እኛን ግን ደስ ሊለን ሲገባ በየሳምንቱ ሆዳችን ይባባ ነበር።

የመጨረሻዋ ዓርብ ደረሰች። ስመኝ አሥረኛዋን ጥንቸል መዘነች፣ ጻፈች፣ ደብተሯን ዘጋች። «ጨረስኩ!» ብላ ዘለለች። እኛም እልል አልን፤ ማንም ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። «በቃ እኮ፣ ግዝቱ ተፈታ» ብትለን፣ አትጠገብ «የገዘቱን ይፍቱን እንጂ አንቺ ትፈቻለሽ?» አለቻት። ቄሱ ዘንድ ደወልኩና ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍ አደረግኩት። «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አሉ። ቀጠሉናም፣ «ለመሆኑ ለጥንቸሎቹ ምን አዘጋጃችሁ? እኔም ጓሮ ጎመን አለኝ» አሉ።

ማን ምን ደብቆ እንደከረመ ያኔ ታየ። አትጠገብ ከጓዳ ፉርሽካ የሞላ ሳፋ ይዛ ወጣች። አያ ቢያድግልኝ፣ ዓይናቸው ድኖ ፋሻው ተነሥቶ፣ ሁለቱንም የካፖርት ኪሳቸውን ገለበጡ። እኔ ካሮቴን በፌስታል ይዤ ነበር፤ ልጣጩ እንዳለ። አምስቱ ቀጫጮች በአንዴ ፈሰኩ። የመብላታቸው ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ እኛ ከበናቸው ቆመን እንደ ሠርግ ቤት እንስቃለን። ስመኝም በሁለት እጇ ፋጉሎ እየዘገነች ትሰጣለች። እንዲያ ደስ ያለኝ ቀን ትንሽ ነው።

ድንገት አያ ቢያድግልኝ በጣታቸው ወደ ቀኝ ጠቆሙን። ዞር ስንል፣ አምስቱ ወፋፍራሞች ሣራቸውን ትተው፣ አፍንጫቸውን ሽቦው ላይ ለጥፈው ግራዎቹ ሲበሉ ያያሉ።

አትጠገብ ሳፋዋን አነሣች። «ምነው፣ እነዚህስ ምን አጥፍተው ነው?» ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።