ጋሽ አካፋይ በካርድ ክፍል መስኮት

ቁጥር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የማይችል ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ፈጣሪ ግን ለሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሠራተኛ የሁሉንም አለቃ ላከባት። ሰውየው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ እሷ በሆዷ «ክቡር ጋሽ አካፋይ» ብላ ሾማቸዋለች።

መጀመሪያ የመጡት ሚስታቸውን ለማስመርመር ነበር። ካርዱን ስትሰጣቸው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ልጄ፣ ምን እንደሰጠሽኝ ታውቂያለሽ? 997920! ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ላለው ሁሉ ያለ ቀሪ ይካፈላል። በጠቅላላው ሁለት መቶ አርባ አካፋይ አለው!»

«እሺ ጋሼ። ቀጣይ!»

«ቆይ እንጂ፣ ልዘርዝርልሽ...»

ሰልፉ አጉረመረመ። ሚስታቸው ከአግዳሚው ወንበር ሆነው «አንተ ሰውዬ፣ ሰው አታድርቅ!» አሉ። እየሳቁ ነው ያሉት፤ ሳቁ ወዲያው ወደ ሳል ተለወጠ።

ከዚያ ወዲያ ሳይመጡ ሳምንት አያልፍም። የተራ ወረቀት ያካፍላሉ፣ የበር ቁጥር ያካፍላሉ። የአምቡላንስ ታርጋ ሲያካፍሉ አምቡላንሱ ሊገጫቸው ሲል ለጥቂት ነው የዳኑት። ሠራተኛዋ ገና በሩ ላይ ስታያቸው ራሷን ያማታል። «ኧረ እኚህ ሰውዬ ሊገድሉኝ ነው! ምነው አንድ ቀን እንኳ ዝም ቢሉልኝ» ትላለች።

አንድ ጠዋት ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ አስቁሞ ሲነግራቸው በመስኮቷ ሰማች። መድኃኒቱ አልሠራም። ሚስታቸው ቢበዛ ሦስት ወር ነው የሚቆዩት።

«ዶክተር፣ የካርዷን ቁጥር አይተኸዋል?» አሉ መምህሩ። «ሁለት መቶ አርባ አካፋይ ያለው ቁጥር እኮ ነው! እንዲህ ያለ እንደዋዛ አይገኝም።»

ሠራተኛዋ በገነች፤ ሚስት እየሞተች ስለ ቁጥር! ደግሞም አንጀቷን በሏት።

ሦስት ወሩ ሳይሞላ ሚስትየዋ አረፉ። መምህሩ ለራሳቸው የደም ግፊት ካርድ ሊያወጡ ብቻቸውን መጡ። ተራቸው እስኪደርስ ትንፍሽ አላሉም፤ የተራ ወረቀታቸውን ገልጠው እንኳ አላዩትም። ዝም እንዲሉላት ስትለምን የከረመችው ሴት አሁን ዝምታቸው አስፈራት።

ካርዱን ጽፋ ሰጠቻቸው፤ 999983። አተኩረው አዩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ብቸኛ ነው» አሉ።

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አይዞዎት ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። እኛስ አለን አይደል?»

«ቁጥሩን እኮ ነው፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ብቸኛ ቁጥር ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም አይካፈልም። ከእሱ ወዲያ እስከ ሚሊዮን ድረስ ሌላ ብቸኛ የለም።»

ከኋላ አንዱ «ኧረ ሥራ አለብን!» ብሎ ጮኸ።

«ሰው እያናገርኩ ነው!» ብላ አፈጠጠችበት። ከዚያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ወንበሯን ወደ መስኮቱ ሳበች።

«እንዴት አወቁ ጋሼ?» አለቻቸው። «አይቸኩሉ፤ ከሥሩ ጀምረው ያስረዱኝ።»