የጋሼ ሸንጎ መቶ በመቶ

በየሰፈሩ አገር መምራት የሚችል አንድ ሰው አይጠፋም። ችግሩ ሰውየው ሁልጊዜ ሌላ ሥራ ላይ መገኘቱ ነው። አንዱ ታክሲ ሲነዳ ይውላል፤ ሌላው ቧንቧ ይጠግናል፤ የእኛው ፀጉር ያስተካክላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን «ጋሼ ሸንጎ» ይላቸዋል። ሁለት ወንበር ብቻ ባላት ሱቃቸው ውስጥ ቀርቦ ያልተፈረደበት ንጉሥ፣ ተመርምሮ ያልተሻረ መሪ የለምና።

ክቡርነታቸው ችሎቱን የሚከፍቱት ገና ፎጣውን አንገት ላይ ሳይቋጥሩ ነው። «አንዱ ንጉሥ መስኮት ላይ ግብር ጣለ» ይላሉ። «ሕዝቡ ምን አደረገ? መስኮቱን በጡብ ደፈነዋ! ንጉሡ ያሰበውን ሳያገኝ፣ ሰዉ ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ።» በማግስቱ መጻሕፍት ያቃጠለው ይቀርባል፤ ከዚያ ወንድሞቹ ዙፋኑን እንዳይመኙ ዓይናቸውን ያስወጣው፤ ከዚያ በቁሙ ሐውልቱን አደባባይ ላይ የተከለው። ጢም ላይ ግብር የጣለውና የመኳንንቱን ጢም በገዛ እጁ የላጨው ንጉሥ ሲነሳ ብቻ ድምፃቸው ትንሽ ይለዝባል። «ግፈኛ ነው፤ አልክድም» ይላሉ፤ «ግን አስበው እስቲ፣ ያን ሁሉ ደንበኛ!»

መደምደሚያው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ሁሉም የወደቁት በአንድ በሽታ ነው። ሥልጣን ጆሮ ይደፍናል። የሚጠይቁት የሚፈራቸውን ሰው ነው፤ የፈራ ሰው ደግሞ ከ‹አዎ ጌታዬ› ሌላ ቃል የለውም። ልክ ነኝ ወይስ ተሳስቻለሁ?»

ይህች ጥያቄ የምትመጣው ምላጩ ማንቁርት ላይ ሲደርስ ነው። ተንኮል አስበው አይደለም፤ ታሪኩና ጢሙ እኩል የሚያልቁት እዚያ ጋ ስለሆነ ነው። ማንቁርቱ ላይ ምላጭ ያረፈበት ሰው ራሱን መነቅነቅም መወዝወዝም አይሆንለትም። በአፍንጫው «እምም» ይላል። ጋሼ ሸንጎም «ጎበዝ!» ብለው፣ አንድ ተጨማሪ ሰው በማስረጃ በማሳመናቸው ደረታቸውን ነፋ አድርገው ምላጩን ይጠርጋሉ።

ከሁሉ የሚያስቃቸው ግን በምርጫ ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ አገኘሁ የሚል መሪ ነው። «አንዱ የት ሄደ? ታሞ ነው? ፈልጉት እንጂ!» እያሉ እስኪያስላቸው ይስቃሉ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል። በጋሼ ሸንጎ ሱቅ ማንም ሰው ፀጉሩ ምን ዓይነት እንዲሆን እንደሚፈልግ ተጠይቆ አያውቅም። ወደ ጎን የተከፈለ፣ ከኋላ አጠር ያለ፤ አለቀ። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ከኋላ ሲታይ የአንድ እናት ልጅ ይመስላል። የልብስ ሰፊው ሚስት አንድ ቀን ገበያ ውስጥ የሰው ባል ክንድ ይዛ፣ ሽንኩርቷን አሸክማ፣ እየተቆጣች በሯ ድረስ አድርሳዋለች። ሰውየውም ሽንኩርቱን እንደተሸከመ ተከትሏታል።

ሁለተኛው ወንበር የልጃቸው ነበር። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ሙያውን ከአባቷ እጅ ተምራ፣ በቅልጥፍና አባቷን ያለፈች ልጅ ናት። ይህን የጋሼ ሸንጎ ልብ ያውቀዋል፤ አፋቸው ግን ተናግሮት አያውቅም።

አንድ ሰኞ ጠዋት የፀጉር መቁረጫ ቶንዶሷን ዘይት እየቀባች፣ «አባዬ፣ ወጣቶቹ እየተዉን ነው» አለች። «ሳይቃጠል በቅጠል ይሻላል። በኔ ወንበር እንኳ የሚፈልጉትን ጠይቄ ልሥራላቸው።»

«አንድ ሱቅ ሁለት ንጉሥ አይችልም።»

«ንጉሥ ልሁን መቼ አልኩህ? ሰው ልጠይቅ ነው ያልኩህ።»

ጋሼ ሸንጎ አምባገነን ስላልሆኑ ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡት። ሳምንቱን ሙሉ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ፣ ምላጩ የለመደው ቦታ ሲደርስ፣ «ሁለት ዓይነት አሠራር ያለበት ሱቅ ይፈርሳል። ልክ ነኝ ወይስ ተሳስቻለሁ?» ብለው ጠየቁት። ልብስ ሰፊው «እምም» አለ። የልጅነት ጓደኛቸው ጡረተኛው ሹፌርም «እምም» አለ። ቅዳሜ ማታ በሩን ሲዘጉ ውጤቱን ለልጃቸው አወጁላት።

«መቶ በመቶ!»

በዚህኛው አልሳቁም። ልጅቷ ትክ ብላ አየቻቸው።

«እኔንስ ጠየቅከኝ?»

«አንቺማ አመልካች ነሽ። አመልካች ድምፅ አይሰጥም።»

ሽርጧን አጥፋ ወንበሯ ላይ አስቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ ከአውቶቡስ ፌርማታው ማዶ የራሷን ሱቅ ከፈተች።

«ሸፈተች» አሉ ጋሼ ሸንጎ። በዚያ ሰሞን የሱቁ ወሬ ሁሉ አባታቸውን ስለከዱ አልጋ ወራሾችና ስለተገነጠሉ ግዛቶች ሆነ። በሷ ወንበር ሰው እንዳይቀመጥ ከለከሉ። ጠዋት ጠዋት ግን የሷን መስታወት ከራሳቸው አስቀድመው ይወለውሉ ነበር። ልጃቸው ናፍቃቸው ነበር፤ ክፉኛ። ናፍቆታቸውን ለማን እንደሚነግሩት ግን አያውቁም፤ እስከዚያ ቀን የነገሩት ሰው ሁሉ የመለሰላቸው «እምም» ብቻ ነው።

ነገሩን ያፈረጠው ሹፌሩ ነው። አንድ ቀን ፊቱ በአረፋ ተሸፍኖ ሲላጭ፣ ጋሼ ሸንጎ ስለ ሽፍታ ልጆች ተናግረው ተናግረው፣ «ደግሞ እኔ ብቻዬን አልወሰንኩም፤ ሕዝብ ነው የወሰነው። ልክ ነኝ ወይስ ተሳስቻለሁ?» አሉ። ሹፌሩ ታገሠ። ምላጩ ለጠረጋ ከአንገቱ ሲነሳለት ጠብቆ ቀና አለ።

«ተሳስተሃል።»

ጋሼ ሸንጎ ምላጩን ዝቅ አደረጉ።

«ያኔ እምም ብለሃል!»

«ምላጭህ ጉሮሮዬ ላይ ተጋድሞ ምን ልበልህ ኖሯል? ያለኝ አንገት አንድ ነው!»

ወረፋ የያዙት ሰዎች በሳቅ ፈረሱ፤ ጋሼ ሸንጎ ግን አልሳቁም። ወደ ልብስ ሰፊው ዞረው፣ «አንተስ?» አሉት። ልብስ ሰፊው ጫማውን ማየት ጀመረ። ከሱ ጎን ያለውም፣ ከዚያ ጎን ያለውም እንዲሁ ጫማ ጫማቸውን አዩ።

ጋሼ ሸንጎ ሄደው ማንም እንዳይቀመጥበት ያሉት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ያን ሁሉ ንጉሥ በአንድ በሽታ ሲከሱ ኖረው፣ በሽታው እጃቸው ላይ እንደነበር አለማየታቸው አሳፈራቸው። ከሀፍረቱ የባሰው ግን ጸጸቱ ነው። ልጅቱ ዘውድ አልጠየቀቻቸውም። ድንገት ተነሥተው፣ ሽርጣቸውን ሳያወልቁ፣ ሹፌሩን ከነአረፋው ትተው ወጡ።

ልጃቸው፣ ሱቋ ውስጥ ከወጣቶቹ ኋላ ተሰልፈው ስታያቸው፣ ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ።

«አባዬ! ምን ሆንክ?»

«ምንም። ተራዬን እየጠበቅኩ ነው።»

ተራቸው ሲደርስ አልተቀመጡም። «ልጄ፣ ሱቁን ውሰጂው» አሉ። «ሁለቱንም ወንበር። እንደፈለግሽ አድርጊው።»

ልጅቷ እጇን ስትጠርግ ቆየች። ሁለት የቀጠረቻቸው ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ይሠራሉ። «አሁን አይሆንም፣ አባዬ» አለች በቀስታ። «እዚህ ሰው ይዣለሁ። ያኔ ግን የጠየቅኩህ አንድ ወንበር ብቻ ነበር።»

ጋሼ ሸንጎ አፋቸውን ከፈቱ። የሚናገሩት ታሪክ ሞልቶ ነበር፤ ዋጡት።

«እሺ» አሉ።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው ሊቆረጥ ሲቀመጥ ጋሼ ሸንጎ ፎጣውን ቋጥረው፣ መቀሱን አንሥተው፣ እንደገና አስቀመጡት።

«ምን ዓይነት ይሁንልህ?»

ልብስ ሰፊው ደነገጠ። የሰው ሁሉ ልክ ሲወስድ ኖሮ፣ ለገዛ ራሱ ምን እንደሚሻለው አስቦ አያውቅም። መስታወቱን አየ፤ እኛን አየ፤ የሚረዳው አጣ። «እንደሚያውቁት ያድርጉት፣ ጋሼ።»

«አላውቅም» አሉ ጋሼ ሸንጎ። «እሱን ነው የምልህ። አስብበት፤ እጠብቅሃለሁ።»

የልጃቸውን ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡና እውነትም ይጠብቁ ጀመር። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ስለ የትኛውም ንጉሥ አላነሡም። ፌርማታው ማዶ ከሳቸው የተሻለ እጅ እንዳለ፣ እዚያ ተራ ቶሎ እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ልብስ ሰፊው እስኪያስብ ወረፋው በሩን አልፎ ደረጃው ላይ ደረሰ። ማንም ጥሎ አልሄደም።